በዓላቶቻችንና የቁጠባ ደብተራችን

(በማኅበራችን የበጀት ዓመት መዝጊያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ያቀረቡት ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ዛሬ ስለ በዓላት እንድናገር ሲያዘኝ አንዳንዶቻችሁ ሳትገረሙ አትቀሩም። የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ገቢና ወጪ፣ ስለ ውዝፍ ብድር ትናገር እንጂ በዓል ምን አገባት? ለበዓሉማ ቄሱም ሼሁም አሉ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ሃይማኖቱ አይደለም፤ ደብተራችሁን ስመዘግብ ከማየው ነገር ተነሥቼ ነው። በማኅበራችን መዋጮ የሚዘገየው፣ ቅጣት የሚበዛው፣ የአስቸኳይ ብድር ማመልከቻ የሚደራረበው ዓመቱን ሙሉ በእኩል አይደለም። በበዓል ዙሪያ ነው። የአንዷ በዓል ደግሞ የሌላዋ አይደለም።

በእጃችሁ ያለው የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ስለዚሁ ነው። እስከ ዛሬ የምንሠራበት ደንብ የእሑድ መዋጮ በሕዝብ በዓል ላይ ከዋለ ያለ ቅጣት ወደሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል ይላል። ደንቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር በቀይ የተጻፉትን ቀናት ብቻ ነው። እኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ሴቶች ከዚያ ካላንደር የሰፋ በዓል አለን። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንድናየው ብዬ ነው የቆምኩት።

በቀይ የተጻፉት ቀናት

በመጀመሪያ የአገር አቀፉን ዝርዝር እንመልከት። በሦስት ከፍዬ ላስረዳችሁ፤ ለሒሳብ ሥራ የሚመቸው እንዲህ ነው።

አንደኛው ወገን ቀኑ የማይነቃነቅ ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የዓድዋ ድል የካቲት 23፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ድል ሚያዝያ 27። ከእነዚህ ውስጥ ገና ብቻ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ስቅለትና ፋሲካ ናቸው። በባሕረ ሐሳብ ስለሚወጡ ከዓመት ዓመት ወደፊትም ወደ ኋላም ይሄዳሉ። ፋሲካ በ2015 ሚያዝያ 8፣ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ። በ2016 ፋሲካና የአርበኞች ቀን አንድ ላይ ወደቁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ ናቸው። የሚቆጠሩት በጨረቃ ነው። የጨረቃው ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ኢድ አልፈጥር በ2015 ሚያዝያ 13፣ በ2016 ሚያዝያ 2፣ በ2017 መጋቢት 21 ነበር። ቀንሳችሁ ብታዩት በየመካከሉ 11 ቀን ታገኛላችሁ።

ይህ ዝርዝር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው ያወጣው ነው፤ ሰውም ይለውጠዋል። በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 የልደታቸው፣ ጥቅምት 23 የንግሥናቸው ቀን ተብሎ ይከበር ነበር። ደርግ መጣና መስከረም 2ን የአብዮት ቀን አደረገው፤ ከእናቶቻችን መካከል በዚያ ቀን ሰልፍ የወጣችሁ አትጠፉም። ዛሬ ሦስቱም ከዝርዝሩ የሉም።

ከዝርዝሩ ታሪክ ግን ለእኛ ትልቁ ሌላ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣም ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። የሙስሊሙ እኩልነት ይከበር የሚል ሰልፍ ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሙስሊሙ በዓላት የአገሪቱ በዓላት ሆነው ይታወቁ የሚል ነበር። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ መውሊድ፣ ኢድና አረፋ የሕዝብ በዓል ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሙስሊም በኢድ ቀን ወይ ፈቃድ ይለምናል ወይ ሥራ ይገባል። ቀኑ በካላንደር ላይ መጻፉ ለሰውየው እረፍት ብቻ አልሰጠውም፤ አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ ተብሎ መቆጠር ነው። ይህን አስቡልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደመወዝተኛዋና እኛ

ደመወዝ የሚከፈላት ሴት በሕዝብ በዓል ቀን ቤቷ ብትውል ገንዘቧ አይቆረጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው በበዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል። በሰው ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ አባላት ይህን እወቁ፤ መብታችሁ ነው።

አብዛኞቻችን ግን አሠሪ የለንም። መናኸሪያው አካባቢ ቡናና ሻይ የምታፈላዋ፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክበዋ፣ በመጋዘን ሰሊጥ የምታበጥረዋ እህታችን ያልሠራችበት ቀን ያልተከፈለችበት ቀን ነው። መጋዘኑ ሲዘጋ የአበጣሪዋ ገቢ ባዶ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ግን ወጪዋ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል። በአንድ ቀን ገቢው ዜሮ፣ ወጪው የዓመቱ ከፍተኛ። በሒሳብ ቋንቋ በዓል ማለት ይህ ነው።

ደግሞስ ለሴት በዓል መቼ የእረፍት ቀን ሆኖ ያውቃል? ሽንኩርቱን የምትልጠው፣ ዶሮውን የምታጥበው፣ ጠላውን የምትጠምቀው፣ ለኢድ የልጆቹን ልብስ አጥባ ቤቱን የምትለቀልቀው እሷ ናት። ካላንደሩ አንድ ቀን ይላል፤ እኛ ቤት ሥራው ሳምንት ይፈጃል። ቅቤውና በርበሬው የሚገዛው፣ የቅርጫው ገንዘብ የሚዋጣው ከበዓሉ በፊት ነው። ስለዚህ በእኔ መዝገብ ላይ መዋጮው የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በበዓሉ እሑድ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ነው። ደንባችን ይህንንም አያውቅም።

አገር ሰፊ ነው፣ በዓሉም እንደ አገሩ

አሁን ከአገር አቀፉ ዝርዝር ወጣ ብለን እንይ። በየክልሉ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ የሚያከብራቸው፣ የሌላው ክልል ሰው ግን ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው በዓላት አሉ።

ሐዋሳ ብትሄዱ ሲዳማዎች አዲስ ዓመታቸውን ፊቼ ጨምበላላን ያከብራሉ። ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በኦሮሚያ ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ አለ፤ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከየቦታው ሰው ይጎርፋል። ወላይታዎች በመስከረም ጊፋታን ያከብራሉ። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ የስድስቱን ቀን ጾም ጨርሰው ሹዋሊድን ያከብራሉ፤ እሱም በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል። ለጉራጌ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል፣ ቀናትም ይቆያል። መስቀል የሁላችንም የሕዝብ በዓል ነው፤ ግን መስቀል ለጉራጌና መስቀል ለመተማ እኩል አይደለም። እኛ ዘንድ ደመራው ተለኩሶ ሲያበቃ ሰው ወደ ሰሊጡ ይሮጣል።

ራቅ ማለትም አያስፈልግም፤ በራሳችን አማራ ክልል ውስጥ እንኳ ብንዞር ልዩነቱ ብዙ ነው። ፍልሰታ ተጾሞ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ዋግ ላይ ሻደይ ይባላል፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል። በትግራይ አሸንዳ ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ በዓሉ የልጃገረዶች ነው፤ በወገባቸው ቅጠሉን አስረው ከበሮ እየመቱ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለሴት ልጅ ተብሎ የተለየ በዓል በአገራችን ስንት አለ? ይህ አንዱ ነው፤ በአገር አቀፉ ዝርዝር ግን አታገኙትም። ከዋግና ከራያ መጥተው እዚህ የኖሩ እናቶች ለልጃቸው ልብስና ሹሩባ የሚያወጡት በነሐሴ ነው፤ የትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተርም በዚያው ሰሞን ይመጣል።

ወደ አዊ ብትሻገሩ ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች ይወጣሉ። ጎንደር ላይ ጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ሲከበር ከውጭ አገር ሳይቀር እንግዳ ይመጣል። ሕጉ ለጥምቀት የሚሰጠው አንድ ቀን ነው፤ ጥር 11። የጎንደር ዘመድ ያላት ሴት ግን ጥር 10 ከተራ ብላ ትሄዳለች፣ ጥር 12 ሚካኤልን አስገብታ ነው የምትመለሰው። በ2017 ጥምቀት እሑድ ዋለ። ደንባችን እሑዱን ለቀቀላት፤ ከመሄዷ በፊት ያለውን እሑድ ግን አልለቀቀላትም፤ ለመንገዱም ለበዓሉም ገንዘቧን የጨረሰችው ያን ጊዜ ነው።

መተማ ሲደርስ

ይህ ሁሉ ልዩነት መተማ ላይ ይጠራቀማል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት እዚህ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። የዚያ ጦርነት ቀን በአገሪቱ የበዓል ዝርዝር የለም፤ ለእኛ ግን በከተማችን ስም ውስጥ ነው ያለው። ሚያዝያ 27ም ቢሆን ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የገቡት በዚሁ በሱዳን ድንበር፣ ከእኛ በስተደቡብ ባለችው ኦሜድላ በኩል ነው።

እዚህ የምንኖረው ከብዙ ቦታ የመጣን ነን። ከበለሳ፣ ከአርማጭሆ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጣ አለ፤ ጉሙዝ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከማናችንም በፊት በቆላው የነበሩ ናቸው፤ ከሱዳን የተመለሰም፣ ከሱዳን የተሰደደም አለ። አንድ መንገድ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ማሕሌትና የመስጊዱ አዛን ይሰማሉ።

ድንበሩ ደግሞ የራሱ ካላንደር አለው። የሱዳን መሥሪያ ቤት ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው፤ የእኛው ቅዳሜና እሑድ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል መሥሪያ ቤት የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አራት ቀን ብቻ ነው። ኢድ ሲሆን እኛ ዘንድ የሕዝብ በዓሉ አንድ ቀን ነው፤ እነሱ ዘንድ ለቀናት ይዘጋል። ታኅሣሥ 23፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1፣ የነጻነት ቀናቸው ነው። እነሱ በ1956 በፈረንጆች አቆጣጠር ነጻ የወጡበት ቀን ሲከበር ገላባት ጭር ሲል፣ እዚህ ማዶ ሻይ ሻጯ ለምን ሰው እንደቀረ ሳይገባት ትውላለች። መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ከሱዳን በሚመጣ ዕቃ ትነግዱ የነበራችሁ አባላት ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሚያዝያ 2015ን አስታውሱልኝ። ስቅለት ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ሚያዝያ 13፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27። በአንድ ወር አምስት የሕዝብ በዓል። በስቅለትና በፋሲካ መካከል ባለችው ቅዳሜ፣ ቅዳም ሥዑር ዕለት፣ ሚያዝያ 7፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። ክርስቲያኗ የፋሲካ ዶሮ እያዘጋጀች፣ ሙስሊሟ ረመዳንን ልትፈታ ስድስት ቀን ቀርቷት። በተከታዮቹ ሳምንታት በገላባት በኩል ሕዝብ ሸሽቶ ወደ ከተማችን ገባ፤ ብዙዎቻችሁ ከበዓል የተረፈውን እንጀራና ውሃ ይዛችሁ ወጥታችኋል። ንግዱም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህን የማነሣው ለማስተዛዘን አይደለም። በበዓል ሰሞን ቁጠባው ተሟጥጦ እጃችን ባዶ በሆነበት ቀን ክፉ ነገር ቢመጣ ምን ይውጠናል? የማኅበራችን ካዝና ሙሉ መሆን ያለበት ልክ ያን ጊዜ ነው።

ሰሊጥና የወር በዓላት

ለእኛ አገር ቁልፉ ወቅት መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው። ሰሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፤ ቆባው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ይረግፋል። ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የወር በዓላቱን ያከብራል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ማጭድ አያነሣም የሚል ብዙ ነው። ባለ እርሻው ይጨነቃል፤ ለሠራተኛው ምግብ የምታበስለው እህታችን ግን በበዓሉም ቀን ታበስላለች፤ ሰው ባይሠራም ይበላልና። የማን በዓል የማን ሥራ እንደሚሆን ከዚህ ታዩታላችሁ።

ከበዓሉ ይልቅ ጾሙ ገቢያችንን ይለውጠዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወተትና እንቁላል የምትሸጠዋ ገዢ ያጥራታል። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ ቀን ሻይ የምትሸጠዋ ገበያ ይቀዘቅዝባትና ከመግሪብ በኋላ ይሞቅላታል። በ2018 ሁለቱ ጾሞች የጀመሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ቀጣዩንም ብናሰላው፣ በ2023 ዓ.ም. ገናና ጥምቀት በረመዳን ውስጥ ይውላሉ። ይህ ከዛሬ ጀምሮ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። የሚታወቅ ነገር ደግሞ በዕቅድ ይያዛል፤ ድንገተኛ ወጪ ነበር ማለት አንችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ኮሚቴው ያቀረበው አራት ነጥብ ነው። በየተራ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የራሱ የበዓል ካላንደር ይኑረው። ሦስት ዓምድ ይኖረዋል። በመጀመሪያው የሕዝብ በዓላት፣ በሁለተኛው አባላት በየአገራቸውና በየእምነታቸው የሚያከብሯቸው ቀናት፣ በሦስተኛው ገበያችንን የሚነኩ ቀናት፤ የድንበሩ መዘጋት፣ የሁለቱ ጾሞች መግቢያና መውጫ፣ የሰሊጥ አጨዳ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በምልክት እንሠራዋለን።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ አባል በሐምሌ፣ የበጀት ዓመቱ ሲጀመር፣ ከሕዝብ በዓላት ሌላ እስከ አራት የራሷን ቀን ታስመዝግብ። የክፍያው እሑድ ባስመዘገበችው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከዋለ፣ መዋጮዋ ያለ ቅጣት ለአንድ ሳምንት ይተላለፍላታል። ለሕዝብ በዓላትም ያው ከፊት ያለው ሳምንት ይታሰብ። በጨረቃ ለሚወሰኑት ደግሞ አንድ ቀን ከፊት፣ አንድ ቀን ከኋላ ይያዝ። በ2017 ኢድ እሑድ ዋለ፤ ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ባትታይ ኖሮ ግን ሰኞ ይሆን ነበር። ካላንደር አታሚው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ አባላችን በአታሚ ግምት መቀጣት የለባትም።

በዚህ ነጥብ ላይ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። አንዷ እናታችን እንዲህ አሉ፦ «ወሩ 30 ቀን ነው፣ ታቦቱም 30 ነው። ለሁሉም በዓል ካልን ማን ይከፍላል?» እውነታቸውን ነው። አራት ያልነው ለዚህ ነው። ዕዳው አይሰረዝም፣ አይቀነስም፤ ሰባት ቀን ይገፋል እንጂ። አራት ቀን ለአራት ሳምንት ነው፤ ማኅበሩ ይህን ይችላል። ሌላዋ ደግሞ «ማን ምን እንደምታከብር ማኅበሩ ለምን ይጠይቃል?» ብላ ነበር። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ቀኑ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ አይጻፍም። ለልጇ ሻደይ ይሁን፣ ለጥር 23 ይሁን፣ ለሟች ባሏ ተዝካር ይሁን፣ የሷ ነው።

ሦስተኛ፣ የበዓል ቁጠባ ከመደበኛው ቁጠባ ተለይቶ በራሱ ገጽ ይያዝ። ስሌቱን ላሳያችሁ። በሳምንት 50 ብር ብታስቀምጡ በ52 ሳምንት 2,600 ብር ይሆናል። ያንኑ 2,600 ብር በበዓል ዋዜማ በወር ከመቶ 10 ብር ከሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ ወስዳችሁ በሦስት ወር ብትመልሱ፣ ወለዱ ብቻ 780 ብር ነው። 780 ብር ማለት ከ15 ሳምንት በላይ የሚሆን ቁጠባ ነው። በዓሉ አንድ ቀን ውሎ ያልፋል፤ 15 ሳምንት ግን ለበዓሉ ሳይሆን ለአበዳሪው ሠራችሁ ማለት ነው። 50 የማይችል 20 ያስቀምጥ፤ 20 ብር በዓመት 1,040 ብር ነው። ገንዘቡ የሚወጣው አባሏ በመረጠችው በዓል፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ገበያው ሳይወደድ ትገዛበታለች።

አራተኛ፣ የበዓል ብድር ይኑር፤ ግን የሚሰጠው በመደበኛነት ለቆጠበች አባል፣ ከበዓል ቁጠባዋ እጥፍ ላልበለጠ ገንዘብ ይሁን። ብድሩ ከመጣ በኋላ የምንደነግጥበት ሳይሆን በካላንደሩ አስቀድመን የምናዘጋጅለት ይሁን። የክርስቲያኑ በዓል ሲሆን የሙስሊም እህቶቻችን ቁጠባ ካዝናው ውስጥ አለ፤ ኢድና አረፋ ሲመጣ የክርስቲያኖቹ አለ። በዓላችን መለያየቱ እዚህ ላይ ጥቅም ይሆናል። ሁላችንም በአንድ ቀን ብናከብር ኖሮ ሁላችንም በአንድ ቀን ገንዘብ እንጠይቅ ነበር፣ ካዝናውም ለማንም አይበቃም ነበር። በተለያየ ቀን ስለምናከብር አንዳችን ለሌላችን እንደርሳለን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በብዙ ነገር አግዛችሁናል፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የእናንተ ዓመት በብዛት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ የእኛ በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፤ የሕዝቡ ዓመት ደግሞ ከመስከረም 1። የዓመት መጨረሻ ሪፖርታችሁ የሚፈለገው በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ እኛ ሰሊጥ ሸጠን ብድር የምንሰበስብበት፣ ገና የሚገባበት ወቅት ነው። ሥልጠና ስታቅዱ፣ የገንዘብ መልቀቂያ ቀን ስትወስኑ፣ ይህን የምናወጣውን ካላንደር አንድ ቅጂ ጠረጴዛችሁ ላይ አኑሩልን። በመስከረም መጨረሻ ሥልጠና ቢጠራ ማንም አይመጣም፤ ስንፍና ግን አይደለም፣ ሰሊጡ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የምሳ ወጪ ስታስቡም ግማሹ ሰው ሁዳዴ፣ ግማሹ ረመዳን ላይ እንዳይሆን ቀኑን ተመልከቱ። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያላችሁት ገንዘብ ግን የተሻለ ሥራ ይሠራል።

እናቶቼና እህቶቼ፣

ቀደም ብዬ ስለ 1966ቱ ሰልፍ ስናገር አስቡልኝ ያልኩት ነገር ነበር። ሰዎቹ የጠየቁት የእረፍት ቀን ብቻ አልነበረም፤ በአገራቸው መዝገብ ውስጥ ለመጻፍ ነበር። የእኛ ማኅበር ትንሽ ነው፣ መዝገባችንም አንድ ወፍራም ደብተር ነው። ግን በዚያ ደብተር ላይ የማን ቀን ተጻፈ፣ የማን ቀረ የሚለው እኛው የምንወስነው ነው። ለሕግ አውጪ ማመልከት፣ ክልል መጠበቅ አያስፈልገንም። ዛሬ እጃችንን ብናወጣ ዛሬውኑ ይጸድቃል።

ሰብሳቢያችን ድምፅ ከማሰጠታቸው በፊት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ከጸደቀ፣ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ የምዝገባውን ቅጽ ይዤ እዚሁ እገኛለሁ። አራት አራት ቀናችሁን አስባችሁ ኑ፤ ማንበብና መጻፍ ያልቻለችውን እኔ እጽፍላታለሁ።

መጪው የበጀት ዓመት የሰላምና የበረከት ይሁንልን።